የምክር ዓምድ፦ ቆጣሪ ሲፈታ የተያዘው ልጅ

«በአዲስ አበባ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከመስከረም ወዲህ ሁለት የውኃ ቆጣሪ፣ ከገመድ ላይ ልብስ፣ ከበር ላይ ጫማ፣ የአንድ ጎረቤታችን መኪና ስፖኪዮ ጠፍቶብናል። መጀመሪያ የጠረጠርነው ጥበቃውን ስለነበር የግማሽ ወር ደመወዙን ቆረጥንበት። ባለፈው ሳምንት ግን ሦስተኛውን ቆጣሪ ሌሊት ሲፈታ የተያዘው የ14 ዓመት ልጅ ሆነ። እናቱ ግራውንድ ላይ ነው የምትኖረው፤ ብቻዋን እንጀራ እየጋገረች ታሳድገዋለች። የግቢው ወጣቶች ደበደቡት፤ እሱም የጠፋውን ሁሉ የወሰድኩት እኔ ነኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ‹በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ እንዳይል ዛሬውኑ ይቀጣ› ይላሉ። ቤተሰቡ ግቢውን ይልቀቅ የሚሉ አሉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በሽታ ነው፣ ጸበል ይግባ ትላለች። እሑድ ስብሰባ አለን። ለመሆኑ ሰው ለምን ይሰርቃል? እኛስ ምን እናድርግ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ሌላው ሁሉ እሑድን መጠበቅ ይችላል፤ የልጁ ሕክምና ግን አይጠብቅም። ሌሊት በብዙ ሰው የተደበደበ ልጅ ጠዋት ቆሞ ስለሄደ ደኅና ነው አይባልም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሽንቱ ከቀላ ወይም ሆዱ ካበጠና ሲነካ ካመመው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከእነዚህ አንዱም ባይታይበት እንኳ ጤና ጣቢያ ይመርመር፣ የምርመራው ወረቀትም ይቀመጥ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ከእናቱ ጋር ይሂድ። ወጪውን የደበደቡት ወጣቶች ቢሸፍኑ ለእነሱም ይሻላቸዋል፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል፣ መደብደብ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የተደበደበው ሰው ሌባ መሆኑ ደብዳቢውን ነፃ አያወጣውም።

«ሁሉንም እኔ ነኝ» ያለውን ከመዝገባችሁ ላይ ሰርዙት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ለእናንተው አይጠቅማችሁም። የሚደበደብ ልጅ ዱላውን የሚያስቆምለትን ቃል ይናገራል፤ እናንተም ሌባው ተገኘ ብላችሁ መዝገቡን ስትዘጉ ሌላው በሰላም ይቀጥላል።

ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል የምንለው እንዲሁ አይደለም። የጠፋባችሁ ዕቃ ሦስት ዓይነት ሥራ ነው። ስፖኪዮ የሚነቅል ሰው ሥራው ፈጣን ነው፤ መስታወቱን ከማቀፊያው ለማላቀቅ ሰከንዶች ይበቁታል። ገበያውም መለዋወጫ በሚሸጥበት ሰፈር ነው፣ የሚጠብቀውም ስፖኪዮው የጠፋበት ሌላ ባለመኪና ነው። ልብስና ጫማ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በር ክፍት ሆኖ ያገኘ አላፊ ነው፤ በቀን ይገባል፣ በፌስታል ይዞ ይወጣል፣ ሰልባጅ መሀል ይሸጠዋል። ቆጣሪ የሚፈታው ደግሞ የቧንቧ መፍቻ ያስፈልገዋል፣ መዝጊያው የት እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ጨለማና ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ነሐስ በኪሎ የሚመዝንለት ሰው ይፈልጋል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሦስቱንም ሊሠራ አይችልም አንልም፣ ግን የተለመደ ነገር አይደለም። ያላችሁ የተረጋገጠ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ቆጣሪ ሊፈታ ሞክሯል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሰው ለምን ይሰርቃል ለሚለው ብዙ መልስ አለ፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። ለግቢያችሁ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ለማን ይሰርቃል የሚለው ነው። የውኃ ቆጣሪ አይበላም፣ አይለበስም፣ ልጅ አይጫወትበትም። ግማሽ ኢንቹ የነሐስ ቆጣሪ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተሰባብሮ ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ቆጣሪውን ለመተካት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ዋጋ ለልጁ የነገረው ሰው አለ። መፍቻ ያዋሰው ወይም የሸጠለትም ሰው ይኖራል። ልጆች እንደ ትልቅ ሰው እንደማይቀጡ የሚያውቁ አዋቂዎች ደግሞ አደጋ ያለበትን ሥራ ለልጅ ያሸክማሉ።

ሽማግሌዎቹ የጠቀሱትን ተረት እንይ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣ፤ እናትየው ከየት አመጣኸው ሳትል ተቀበለችው። ከእንቁላሉ ዶሮ መጣ፣ ከዶሮው በሬ፣ በመጨረሻ ልጁ ለሞት ሲነዳ «እናቴ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ። ተረቱ ስለ ቅጣት ብቻ ተደርጎ ይነገራል። እናትየው ግን ከመቅጣቷ በፊት ያጎደለችው ሌላ ነገር አለ፤ እንቁላሉን ተቀብላ ሠርታ በልታለች። የመጀመሪያዋ ተቀባይ እሷ ነበረች። እንቁላሉ በዚያው ሰዓት በልጁ እጅ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ቢሆን ዶሮው ባልተከተለ። በእናንተም ግቢ ይህ ተቀባይ ሊኖር ይችላል፤ ከልጅ እጅ ነሐስ የሚገዛው ቁራሌ፣ ደረሰኝ የሌለው የጋዝ ሲሊንደር በርካሽ ያስገባው ጎረቤት፣ የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የገዛው ባለመኪና። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ፣ የተቀበለ ወይም የደበቀ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ይጠየቃል፤ አብዛኛው ሰው ግን ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ነው የሚያልፈው።

እሑድ በቅድሚያ እንዲወሰን የምንመክረው ይህን የገበያ በር መዝጋት ነው። ቁራሌው ወደ ግቢ አይግባ፤ ግብይት ካለ በቀን፣ በዋናው በር ላይ፣ ጥበቃው እያየ ይሁን። ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ብረት እንዳይገዛ ራሱን ለቁራሌው ንገሩት፤ ብዙዎቹ በየሳምንቱ የሚመላለሱበትን ሰፈር ማጣት ስለማይፈልጉ ይሰማሉ። ጠርሙስና ጆንያ ሲገዛ የኖረ ሰው ሁሉ ተባባሪ ነው ብላችሁ ግን አትነሡበት፣ አብዛኛው በላቡ የሚያድር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ ሲሊንደር፣ የቤት ዕቃ ከግቢ የሚወጣው ባለቤቱ ራሱ በር ድረስ ከሸኘው ወይም የፈረመበት የመውጫ ወረቀት ካለ ብቻ ይሁን። መኪና ያላችሁ በስፖኪዮ መስታወቱና በመብራቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥር አስቀርጹ። ቁጥር የተቀረጸበትን መስታወት ነጋዴ ይፈራዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የተሰረቀባችሁን መልሳችሁ መግዛት ግን ለሚቀጥለው ስርቆት ቀብድ መክፈል ነው፤ ማንም ሰው ይህን እንዳያደርግ በስብሰባው ላይ ቃል ተገባቡ።

ልጁን ማነጋገር የብቻው ጉዳይ ነው፣ በስብሰባ ፊት አይሆንም። እናቱ፣ እርስዎና ልጁ የሚያከብረው አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ትበቃላችሁ። በቀን፣ ተቀምጦ፣ ከበላ በኋላ። ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። «ለምን ሰረቅህ?» ብለው አይጀምሩ፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ወይ «አላውቅም» ነው ወይ ውሸት። ልጁ ምክንያቱን ራሱም አልለየውም ይሆናል፣ ያደረገውን ግን ያውቃል። ስለዚህ ስላደረገው ይጠይቁት፦ ቆጣሪ እንደሚሸጥ መጀመሪያ የሰማኸው ከማን ነው? መፍቻውን ከየት አገኘህ? የት ልትወስደው ነበር? ስንት ይሰጡሃል ተባልክ? ገንዘቡን ለምን ልታውለው ነበር? ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲረዝም ልጁ የሚያከብራቸው ሰው ምክር ልጀምር ይሉ ይሆናል፤ አስቀድመው ያሳስቧቸው። «ለማንም አንናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡለት፣ የማትጠብቁት ቃል ነው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ ገንዘቡ ለምን ሊውል ነበር የምትለዋ፣ ከሁሉ ትበልጣለች። መፍትሔው የሚለያየው በእሷ ነው።

ገንዘቡ ለቤት ወጪ ከሆነ፣ ዳቦ፣ ዘይት ወይም የእናት መድኃኒት ገዝቶ ከገባ፣ ችግሩ የእናትየው ገቢ የሚጎድልበት የወሩ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ልብ የማይባል ነገር አለ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለ በትምህርት ወራት ልጁ ቁርስና ምሳውን እዚያ የሚያገኝ ሊሆን ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ሲዘጋ የዚያ ምግብ ወጪ በእናቱ ላይ ይጨመራል፤ ክረምት ደግሞ እንጨቱ የሚረጥብበት፣ ጤፍ የሚወደድበት ጊዜ ነው። የብድር ዕዳ የሚጀምረው ያኔ ይሆንና ልጁ መስከረም ላይ ዕዳው ሲቆጠር ይሰማል። የእናንተ ስርቆትም ከመስከረም ወዲህ ነው ብለዋል፤ ይህን እናቲቱን ለብቻዋ፣ ሳያሸማቅቁ ይጠይቋት። መልሱ አዎ ከሆነ ምጽዋት አትሰብስቡላት። ግቢው ውስጥ እንጀራ ከውጭ የሚገዛ ስንት ቤት አለ? ዐሥር ቤት ቋሚ ደንበኛ ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን ቢወስድና ሂሳቡን በዱቤ ሳያቆይ በዕለቱ ቢከፍል፣ ከአንድ ጊዜ መዋጮ የበለጠ ያቆማታል።

ገንዘቡ ለጫማ፣ ለስልክ ካርድ፣ ለፕሌይስቴሽን ቤት ከሆነ ልጁ አልራበውም፤ ከእኩዮቹ አንሶ መታየት ነው ያቃጠለው። በ14 ዓመት ይህ ቀላል ስሜት አይደለም፣ «በልተህ ታድራለህ አይደል?» በሚል አይመለስም። የሚመልሰው በእጁ የሚገባ፣ መጠኑ የታወቀ የራሱ ገንዘብ ነው። እንጀራውን ለደንበኞች የሚያደርሰው እሱ ከሆነ እናቱ ከእያንዳንዱ ዙር ድርሻ ትቁረጥለት፣ ቀኑ ሲደርስም ሳታዛንፍ ትስጠው። አንድ ሳምንት ሰጥታ በሌላው «ለቤቱ ጎደለን» ካለች ድርሻው ትርጉም ያጣል። ከድርሻው የተወሰነውን ለጫማው እንዲያጠራቅም ትርዳው።

ውርርድ ከሆነ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ለልጅ ውርርድ መሸጥ አይገባም ቢባልም ትልልቅ ልጆች ቲኬቱን በስማቸው ይቆርጡላቸዋል። ምልክቱ ይታወቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ የኳስ ውጤት ሲሰማ ይቅበጠበጣል፣ ገንዘብ ከወንዶች ይበደራል፣ ያበደሩት ደግሞ በር ላይ ይጠብቁታል። እዚህ ላይ ዕዳው ምን ያህል እንደሆነና ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ይባክናል፤ አስፈራሪው እስካለ ልጁ ይመለስበታል። ዕዳው ይጻፍ፣ አበዳሪው ዕድሜው የደረሰ ከሆነ ከልጅ ላይ መጠየቅ እንደማይችል የሚያከብሩት ሰው ይንገሩት።

አራተኛው ገንዘቡ በእሱ እጅ የማይቆይበት ነው። ትልልቅ ልጆች ይልኩታል፣ እሱ ያመጣል፣ እነሱ ይካፈላሉ። ይህ ልጅ ስማቸውን ለመናገር ይፈራል፤ ልብሱ ይቀደዳል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን መንገድ ይቀይራል። ስም ከተናገረ እናንተ ራሳችሁ ሄዳችሁ አትጋፈጡ፤ በቀሉ ልጁ ላይ ያርፋል። ስሙን ለፖሊስ አስረክቡ፣ ልጁን ለጥቂት ሳምንታት ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሰው መድቡ። ማስቲሽ ወይም ቤንዚን ማሽተት ከጀመረ ደግሞ ትንፋሹና እጅጌው ይሸታል፣ አፉና አፍንጫው ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፤ ያኔ ቅጣትም ሥራም ከሕክምና በኋላ ነው።

በሽታ ነው ስላሉት ጎረቤታችሁ፦ መስረቅን የሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም አለ፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው የሚታየው፣ መልኩም ሌላ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው የማይፈልገውን፣ መግዛት የሚችለውን ዕቃ ይወስዳል፤ ከመውሰዱ በፊት ውጥረት ይይዘዋል፣ ሲወስድ ይቀልለዋል፣ ዕቃውን ይጥለዋል ወይም ያከማቸዋል እንጂ ገበያ አያወጣውም። መፍቻ ይዞ ነሐስ ሊሸጥ የወጣ ልጅ ይህ አይደለም። እናቱ ጸበል ልውሰደው ብትል አትከልክሏት፣ እምነቷ ነው፤ ብቻ ሌላው ሥራ በዚያ እንዳይተካ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ፍርድ ቤት የሚወስንበት እርምጃ ወቀሳን፣ በቅርብ ክትትል ሥር በወላጅ ወይም በሌላ ኃላፊነት መቆየትን፣ ሲብስም ማረሚያ ተቋም መግባትን ይጨምራል። ከአዋቂ እስረኞች ጋር መታሰር የለበትም። ጣቢያ ከተጠራ እናቱ አብራ ትሂድ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም ዕድሜው ያለበትን የትምህርት ቤት ካርድ ትያዝ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ በሚከታተለው ክፍል እንዲታይም ትጠይቅ። ዕድሜው በወረቀት ካልታወቀ ቁመቱ ታይቶ ትልቅ ሊባል ይችላል፤ በተግባር ብዙ ልጆችን የሚጎዳው ይህ ነው። ቤተሰቡ ይልቀቅ የሚለውን እሑድ ላይ ለድምፅ አታቅርቡት። ማኅበሩ በጋራ መጠቀሚያው ላይ ሥልጣን አለው፤ ሰውን ከቤቱ የማስወጣት ሥልጣን ግን የለውም።

ቅጣት አይኑር እያልን አይደለም። ልጁ ያበላሸውን ያስተካክል። የተፈታውን ቆጣሪ መልሶ ለማሰርና ለማሸግ የወጣው ገንዘብ ይሰላ፣ ቁጥሩ ይጻፍ። እናቱ አትክፈለው፤ እሷ ከከፈለች የተቀጣችው እሷ ናት። ልጁ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት ያህል፣ ከአንድ ስሙ ከታወቀ ትልቅ ሰው ጋር ይሥራ። ሥራው ከጉዳቱ ጋር ይያያዝ፤ ከታች የምንነግራችሁን የቆጣሪ ፍርግርግ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት፣ የየቤቱን ቆጣሪ ቁጥር እየዞረ መመዝገብ። ሽንት ቤት እንዲያጥብ ሰው እያየው አታሰልፉት። የተዋረደ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚያጣው ስም የለውም፣ ስም የሌለው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር የለውም። የመጨረሻው ቅዳሜ ሲያልቅ ጉዳዩ ተዘጋ ይባል፣ ዳግም በዚህ የሚጠራው ሰው እንዳይኖር። በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ቢያንሸራትተው፣ ለምሳሌ ከእናቱ ቦርሳ ገንዘብ ቢጎድል፣ አይደነቁ። ሁሉም ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ እናቱ ድምፅ ሳታሰማ ይዛው ቁጭ ትበል፣ የወሰደው ከድርሻው ይቆረጥ፣ ሥራው ይቀጥል። የማያውቁት ዕቃ ቤት ሲገባ ግን «ከየት መጣ?» ሳይባል አይለፍ፣ ባለቤቱ ከታወቀም በዚያው ቀን እናትና ልጅ አብረው ይመልሱት።

አሁን ወደ ብረቱ። በብሎኩ ግርጌ የተደረደሩት ቆጣሪዎች በአንድ ፍርግርግ ሊዘጉ ይገባል። ባለ 10 ሚሊ ፌሮ ይበቃል፤ በፌሮዎቹ መሀል ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ይሁን፣ መፍቻ የያዘ እጅ እንዳያልፍ። የፍርግርጉ ፊት ከቆጣሪው ከ15 ሳንቲ አይራቅ፣ ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን ከውጭ እንዲያይ። እግሮቹ 30 ሳንቲ ያህል ኮንክሪት ውስጥ ይግቡ። ማጠፊያው ወደ ውስጥ ይሁን፣ ፒኑ እንዳይመዘዝ ጫፉ ይበየድ። ጓጉንቸሩን ዐሥር ሳንቲ ያህል ርዝመት ባለው ወፍራም ቱቦ ውስጥ እንዲደበቅ አድርጉት፤ ቱቦው በሩ ላይ ይበየድ፣ ቁልፍ በእጅ ይገባል፣ መቁረጫ ግን አይደርስበትም።

ብዙ ግቢዎች የሚሳሳቱበትን እንንገራችሁ። ውድ ጓጉንቸር ገዝተው በቀጭን ላሜራ ማንጠልጠያ ላይ ይሰቅሉታል፤ ሌባው ጓጉንቸሩን ሳይነካ ማንጠልጠያውን አጣሞ ይከፍታል። ከአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) የተሠራ ከባድ ሳጥን በቡሎን ያስራሉ፤ ቡሎኑ ካልተበየደ ሳጥኑ ራሱ በኪሎ ይሸጣል። ዙሪያውን በላሜራ ያሽጉታል፤ አንባቢው ማየት ሲያቅተው ሂሳቡ በግምት ይመጣል። ቆጣሪውን ሲሚንቶ ውስጥ የሚቀብሩም አሉ፤ ዳዶው ያፈሰሰ ቀን ሁሉም ይፈርሳል። ቁልፉን ሊቀመንበሩ ብቻ ይዞ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሌሊት ቧንቧ ሲፈነዳ መዝጊያው ከፍርግርጉ ውስጥ ነው። ሦስት ቁልፍ ይኑር፤ በጥበቃው፣ በኮሚቴውና በአንድ ሁልጊዜ ቤት በሚገኝ ነዋሪ እጅ። ቆጣሪው የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ስለሆነ ከመበየዳችሁ በፊት ለቅርንጫፉ አሳውቁ፣ የነሐሱ ሲተካ የፕላስቲክ ቆጣሪ ካላቸውም ጠይቁ፤ ፕላስቲኩን ቁራሌ አይመዝነውም። ቆጣሪ ጠፍቶ ሲገኝ ቱቦውን በቀጥታ አገናኝቶ ውኃ መጠቀም ፈጽሞ አይሞከር፤ የተሰረቀበት ሰው ሕገወጥ ተጠቃሚ ሆኖ ያርፈዋል።

መብራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በፍርግርጉ በላይ፣ የሚሠራን እጅ እንዲያሳይ ወደ ታች ይዙር። ከፍ ብሎ ዓይን ላይ የሚያበራ መብራት ከኋላው ያለውን ጨለማ ያበረታዋል።

መዝገብ ይኑራችሁ፤ ብዙ ኮሚቴ ከአንድ ነገር በቀር አይጽፍም፣ መጥፋቱ የታወቀበትን ሰዓት። ከዚያ የሚበልጠው ዕቃው መጨረሻ የታየበት ሰዓት ነው። ልብስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ተገኘ ቢባል የሌሊቱ ጥበቃ ይወቀሳል፤ መጨረሻ የታየው ትናንት 9 ሰዓት ከሰዓት ከሆነ ግን በቀን የሄደ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሰዓት፣ ብሎኩን፣ ዕቃውን፣ በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑን ጻፉ። ስድስት ሰባት መስመር ሲሞላ የትኛው ሰዓትና የትኛው በር እንደሚደጋገም በዓይን ይታያል።

የጥበቃው ደመወዝ ይመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፤ በጥርጣሬ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ስብሰባው ላይ በሁሉም ፊት ተጠርጥሮ ከነበረ በሁሉም ፊት ይቅርታ ይጠየቅ። ደግሞ ሌላ ነገር አስቡ፤ 24 ሰዓት የቆመ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አቅማችሁ ከፈቀደ ሁለት ሰው በ12 ሰዓት ፈረቃ ይሁን፤ ካልፈቀደ ቀኑን በር በመዝጋት ሸፍናችሁ ሌሊቱን ብቻ ይቁም። ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የዝናብ ካፖርትና ቦቲ ስጡት፤ ዝናብ ሲጥል ከመጠለያው የማይወጣው ካፖርት ስለሌለው ነው። ዙሩ ሰዓት የጠበቀ አይሁን፣ የሚታወቅን ዙር ሌባ ይቆጥረዋል። ደመወዙ በታወቀ ቀን ይግባለት።

በየቤቱ ዕቃ ሲጠፋም መጀመሪያ የምትጠረጠረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ቦርሳዋን ከመበርበር በፊት ሁለት ቀን ፈልጉ፤ ስልክ ከሆነ አስቀድማችሁ በ*#06# የተገኘውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፣ ሲጠፋ በ994 ሲሙን አዘጉ፣ የቴሌብሩን ምስጢር ቁጥር ለማንም አትስጡ። ደመወዟ ሦስት ወር «ተቀማጭ ነው» ተብሎ የተያዘባት ልጅ ብትወስድ፣ መውሰዷ ስህተት ሆኖ ሳለ፣ ምክንያቱን የፈጠረው ቤቱ ነው።

ስብሰባውን በተመለከተ አጀንዳው የልጁ ስም አይሁን። «ግቢያችንን እንዴት እንዝጋ» ተብሎ ይጻፍ፤ የልጁ ጉዳይ ለሦስቱ ሰዎች እንደተሰጠ ተነግሮ ይታለፍ። አንድ ሰው ተነሥቶ ሁሉም ይማል ወይም እንደ ድሮው አውጫጭኝ እንቀመጥ ሊል ይችላል። አውጫጭኝ ሌባው እስኪጠቆም አገሩ በአንድ ሜዳ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነበር፤ ጥፋቱን የሁሉም ጉዳይ ማድረጉ መልካም ነው። ሆኖም ጥቆማ ሲጠፋ ዘመድ የሌለውና እንግዳው የሚጠራበት መንገድ ሰፊ ነው፣ በእናንተም ግቢ መጀመሪያ የተጠቆመው ጥበቃው እንደነበር አስታውሱ። ከስብሰባው ሲወጡ አራት ነገር በስምና በቀን ተጽፎ ይውጣ፦ ፍርግርጉን የሚያሠራው፣ ቁራሌውን የሚያነጋግረው፣ መዝገቡን የሚይዘው፣ ቅዳሜ ከልጁ ጋር የሚውለው።

ሰኞ ጠዋት ለቅርንጫፉ የሚገባው ደብዳቤ የሁለቱን የጠፉ ቆጣሪዎች ቁጥር (በድሮው የውኃ ቢል ላይ አለ)፣ መጨረሻ የታዩበትንና የጠፉበትን ቀን፣ የብሎኩን ቁጥር ይያዝ። ሁለቱ መጥፋታቸውን፣ ሦስተኛው ሲፈታ መገኘቱን ለየብቻ ይጻፉ፤ ቆጣሪው የእናንተ ስላልሆነ ሦስተኛውን መደበቅ አይቻልም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን በልጁ ላይ አትጨምሩ። ተመሳሳይ ቅጂ ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ይግባ፣ አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብለው ማኅተም አስመትተው ያስቀሩ።